የእናቷ መምህር

ነኢማ ኡበይደላን የወደደችው እናቷ የእሱ ተማሪ ከመሆናቸው በፊት ነበር።

ሁለቱ የተዋወቁት ወልድያ ላይ፣ እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ለሚያስተምሩ ወጣቶች በተዘጋጀ ሥልጠና ነው። ነኢማ የመርሳው የፍራፍሬ ነጋዴ የሐጂ አብዱሰመድ የመጨረሻ ልጅ ናት። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጣ በግል ትምህርት ቤት ስለተማረች እንግሊዝኛው ከአፏ ያለ ጭንቀት ይወጣል። ኡበይደላ የሐራ ገበሬ ልጅ ነው። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ረድፍ በሚዳረስበት ክፍል ተምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ሲናገር ቃላቱን እየመረጠ የሚያስቀምጥ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው።

አሠልጣኛቸው መምህር በላይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከጠመኔ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። አንዱን ሠልጣኝ ወደ ሰሌዳው ያወጡና ሌሎቹን እንደ ጀማሪ ተማሪ አስቀምጠው ያለማምዷቸዋል። ነኢማ ተራዋ ሲደርስ ወጥታ ጥያቄ ጠየቀች፤ ተማሪ የሆኑት ጓደኞቿ አፋቸውን ሳይከፍቱ መልሱን ራሷ ተናገረች። ሌላ ጠየቀች፤ እሱንም ራሷ መለሰች። ጨርሳ ስትቀመጥ መምህር በላይ፣ «ጥሩ እንግሊዝኛ ሰማን። ለመሆኑ ማን ተማረ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ኡበይደላ ግን አልሳቀም።

ቀጥሎ የወጣው እሱ ነበር። ጥያቄውን ጠየቀና ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። እሱ ግን ፊቱን ሳያጠቁር፣ አይዟችሁ፣ ጊዜ አለን በሚል ዓይን እያየ ጠበቀ። በመጨረሻ ነኢማ እጇን አወጣች። ስትመልስ ዓይኑ ዓይኗ ላይ አረፈ። ጥያቄው ስለ ሰዓት የሚጠይቅ የሕፃን ጥያቄ ነበር፤ ያም ሆኖ መልሱን ስትጨርስ ሌላም በጠየቃት ብላ ተመኘች።

ከዚያ ወዲህ መምህር በላይ ሁለቱን አጣመሯቸው። ትምህርቱን አብረው ያዘጋጃሉ። እሷ የቃላት አነባበቡን ታቃናለታለች። እሱ ደግሞ እሷ ያዘጋጀችውን ረጅም ማብራሪያ እያየ፣ ይሄን ሁሉ አንቺ ከተናገርሽው እነሱ መቼ ሊናገሩ ነው ይላታል። ትናደዳለች፤ ግን ትቀንሰዋለች። ከሥልጠናው ሲወጡ ባጃጆቹን እያሳለፉ በእግራቸው እስከ መናኸሪያ ይሄዳሉ። የመርሳው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ያጫውታታል። ረዳቱ ለቀናት ካያቸው በኋላ፣ «ወንድሜ፣ አንተም ግባና እንሞላ» እያለ ይቀልድበት ጀመር። ነኢማ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ዓይኗን መልሳ ትፈልገዋለች።

ሥልጠናው ሲጋመስ እውነተኛ ተማሪ አስፈለገ። አንድ የመርሳ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ክፍል ፈቀደላቸው፤ ለከተማው ሰው በነፃ እንደሚያስተምሩ ተነገረ። የባጃጅ ሾፌሮች፣ ሱቅ የሚሸጡ ልጆች፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ተመዘገቡ። ይህን ወሬ የነኢማ እናት ሲቲም ሰሙ።

ሲቲ አማርኛ ማንበብን ራሱ የተማሩት ካገቡ በኋላ ነው። የበኩር ልጃቸው አቡበከር አውስትራሊያ ወልዶ ከብዷል፤ ትንሿ ልጁ ግን ከእንግሊዝኛ ሌላ አታውቅም። ስልክ ሲደወል ልጅቷ ታወራለች፤ ሲቲ «እሺ የኔ ዓለም፣ እሺ» ይላሉ፤ ከዚያ ስልኩን ስመው ይዘጋሉ። ነኢማ ቤት ውስጥ ልታስተምራቸው ሞክራ ነበር። እናትየው ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ እሷ መልሱን እየቀደመች አስቸገረች፤ ትምህርቱ በሳምንቱ ቀረ። እናም ሲቲ በዚያ በምታወሪለት ልጅ ክፍል አስገቢኝ አሏት። ነኢማ ስለ እሱ ምን ያህል ስታወራ እንደኖረች ያን ጊዜ ነው የገባት።

ሲቲ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ። «የማን ሚስት፣ የማን እናት እንደሆንኩ እንዳትነግሪው። ያወቀ እንደሆነ ያከብረኛል እንጂ አያስተምረኝም።»

ነኢማ እሺ አለች። ለራሷም ምክንያት ነበራት። አባቷ የኮምቦልቻውን ባለመኪና ልጅ ዓሪፍን ለእሷ እያሰቡ መሆኑን ታውቃለች። የአባቷ ስም በመካከል ሳይገባ እናቷ ኡበይደላን በራሳቸው ዓይን ቢያዩት ተመኘች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኡበይደላ ተማሪዎቹን ስማቸውን በእንግሊዝኛ እየጠየቀ ዞረ። ሲቲ ጋ ሲደርስ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እሱ ጠበቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሊመልስላቸው ሲል ኡበይደላ በእጁ ምልክት ዝም አሰኘው። ነኢማ የራሷን ተማሪዎች ቃላት እንዲጽፉ አዝዛ፣ ከጎን ካለው ክፍል በመስኮት ታያለች። እናቷ ሻሻቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ማይ ኔም ኢዝ… ሲቲ» አሉ።

ኡበይደላ ስማቸውን ደግሞ ጠራ፤ ስላገኛቸውም ደስ እንዳለው በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ክፍሉ አጨበጨበ። ሲቲ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። ነኢማ ከመስኮቱ ዞር ስትል ሰሌዳው ላይ ምን ልትጽፍ እንደነበር ጠፋት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ሲቲ አንድም ቀን አልቀሩም። ኡበይደላን «መምህር» እያሉ፣ በልጃቸው ዕድሜ ያለውን ልጅ አንቱ ይሉታል። እሱ ያፍራል፤ ይተዉት ሲላቸው ግን አይሰሙትም። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ስትደውል ቁርስ በልታ እንደሆነ በራሳቸው አፍ ጠየቋት። ከወዲያ ማዶ የልጅቷ ጩኸት ቤቱን ሞላው።

ኡበይደላ ስለ እኚህ ተማሪው ለነኢማ ሳያወራ የዋለበት ጊዜ የለም። በመርሳ የብርቱካን ማሳዎች ዳር ዳር እየሄዱ፣ ዛሬ እንዲህ አሉ፣ ዛሬ እንዲህ ጠየቁኝ ይላታል። እሷ ታዳምጣለች፤ እናቴ ናቸው አትልም። ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ትነሳለች፤ ሲያወራ ፊቱን ታይና ለነገ ትተወዋለች። ከነዚህ ቀኖች በአንዱ ነው ሥልጠናው እንዳለቀ ሽማግሌ እንደሚልክ የነገራት። «ኢንሻአላህ» አለች ቀስ ብላ። ደስታዋና ፍርሃቷ እኩል ነበሩ።

ነገሩ የፈነዳው በኅዳር ወር ነው። ሐጂ አብዱሰመድ ውርጌሳ የሰርግ ጥሪ ነበረባቸውና ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ለመሄድ መኪናቸውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆሙ። ኡበይደላ ተማሪዎቹን እየሸኘ ነበር። ሐጂ ወርደው ሰላም አሉት። ሳቂታና እጀ ሰፊ ሰው ናቸው።

«አንተ ነህ የባለቤቴ አስተማሪ? እንግሊዝ አድርገሃታል እኮ!» አሉና ሠራተኛቸውን ጠርተው አንድ ሣጥን ብርቱካን አስወረዱለት። «ይቺ ለድካምህ ናት። ነኢማ፣ ነይ ግቢ፤ እናትሽን ደግፊያት፤ ረፍዶብናል።»

ኡበይደላ መጀመሪያ ሲቲን፣ ቀጥሎ ነኢማን አየ። ሲቲ አንገታቸውን ደፉ። ነኢማ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ የመኪናው ጥሩንባ ቀደማት። በመስታወቱ ወደ ኋላ ስታይ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሣጥኑ እግሩ ሥር ተቀምጧል። ቆይታ እንደሰማችው ብርቱካኑን በሙሉ ለተማሪዎቹ አድሏል፤ ለራሱ አንዲትም አልቀመሰም።

ሰርግ ቤት ደርሳ ደወለችለት፤ አላነሳም። በማግሥቱም አላነሳም። ሰኞ ሥልጠናው ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር። መምህር በላይ፣ አባቱ ለአጨዳ ስለፈለጉት ሐራ መሄዱን ነገሯት። ቅዳሜ የመጨረሻው ግምገማ ነው፤ ካልመጣ የምስክር ወረቀቱን አያገኝም። ይህን ሲነግሯት ፊቷን አዩና ሌላ ነገር ሳይጨምሩ አለፏት። ያን ቀን ነኢማ ወደ መርሳ ስትመለስ ከሚኒባሱ መስኮት ውጭ የሚያልፈውን ማሳም ሰውም አላየችም።

ቤት እንደገባች እናቷ አንድ ጊዜ ብቻ አይተዋት በሩን ዘጉ። ነኢማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መውደዷን፣ ሽማግሌ እልካለሁ ማለቱን፣ ስልክ አለማንሳቱን። ሲቲ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ «አብሽሪ» ብለው ተነሱና የአስርን ሶላት ሰግደው ወደ ጨረሱት ወደ ሐጂ ሄዱ።

ሐጂ አልተቆጡም፤ ግን ልባቸው አልፈቀደም። ልጁን እንዳልጠሉት፣ የዓሪፍን አባት ግን ተስፋ እንደሰጡት፣ የአስተማሪ ደሞዝም ጎጆ እንደማያቆም ተናገሩ። ሲቲ ባላቸውን በነገር ተጋፍተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ከፊታቸው ተቀመጡ።

«ሐጂ፣ አንቱ አላስከፉኝም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤ ነው የኖርኩት። ግን ስንት ዘመኔ ነው የሐጂ ሚስት፣ የአቡበከር እናት ስባል? ሰው ፊት አቁሞ ስሜን የጠየቀኝ ያ ልጅ ነው። ጠይቆም እስክመልስ ጠበቀኝ። እንደዚያ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ልጄን ቢያገኝ እኔ አልሰጋም።»

ሐጂ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ከቤት ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ወደ ሐራ የምትሄዱ ከሆነ መኪናውን ውሰዱት አሉ። ሲቲ በሚኒባስ እንደሚሄዱ ነገሯቸው። መኪናው ያን ልጅ አንድ ጊዜ አስከፍቶታል። ሐጂ ነገሩ ገባቸውና እጃቸውን ጢማቸው ላይ አሳርፈው፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው፣ ትንሽም አፍረው ወጡ።

ወልድያ መኪና ቀይረው ሐራ ሲደርሱ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሰው እየጠየቁ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ካለው የጤፍ ማሳ ደረሱ። ኡበይደላ ከአባቱ ጎን ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ሲያያቸው ቀና አለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና ወደ ሲቲ ሄዶ ሰላም አላቸው። ነኢማንም ሰላም አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ሲቲ ዙሪያ አልሄዱም። «መምህር፣ አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ። ያወቁ እንደሆነ አይጠይቁኝም፣ አያርሙኝም ብዬ ፈርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዲህ አይበሉ፣ አንቱ» አለ ኡበይደላ። «እኔ በርስዎ አልተቀየምኩም።»

ሲቲ አንድ እርምጃ ቀረቡት። «ክፍል ውስጥ መምህሬ ነዎትና አንቱ ብያለሁ፤ ነገም እላለሁ። አሁን ግን ክፍል ውስጥ አይደለንም። እንደ እናትህ ልንገርህ። ልጄ፣ የጀመርከውን ጨርስ። ና ተመለስ።»

ኡበይደላ አንገቱን ደፋ። ከዚህ በፊት «አንተ» መባል እንዲህ ሆዱን አባብቶት አያውቅም። አባቱ ይህን ሲያዩ ሲቲን እንግዳ በፀሐይ አይቆምም ብለው ወደ ግራሩ ጥላ ወሰዷቸው። ማሳው ላይ ሁለቱ ቀሩ።

ነኢማ ልትቀድመው ትችል ነበር፤ ልማዷም ነው። አልቀደመችውም። እስኪናገር ጠበቀችው።

«የጎዳኝ ብርቱካኑ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አባትሽ በደግነት ነው የሰጡኝ፤ አውቃለሁ። ስለ እናትሽ የማወራሽን አስቢው እስኪ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ እንደሚያደርጉ ነገርኩሽ። ስማቸውን ሲናገሩ እንባ እንዳቀረሩ ነገርኩሽ። አንቺ እንደማታውቂያቸው ሆነሽ ሰማሽኝ። በልብሽ ምን ትይ ነበር? ይሄ የገበሬ ልጅ እስኪ ይመዘን ነው?»

«አልመዘንኩህም» አለች። «እናቴን እንዳንተ አድርጎ ያወራልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አንተ ስታወራልኝ እኔም ገና የማውቃቸው ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ብነግርህ ማውራትህን የምትተው መሰለኝ። ፈራሁ፣ ኡበይደላ። ወላሂ ከመፍራት በቀር ምንም አላደረግኩም።»

ኡበይደላ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ዓይኗን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ፊቷ በመንገድ አቧራና በእንባ ተዥጎርጉሯል።

«እኔስ ቁጣ መስሎኝ ነበር» አለ። «ስልክሽ በጠራ ቁጥር አላነሳም እያልኩ እጄ ላይ ይዤው እቀመጣለሁ። ቁጣ አይደለም ለካ። ያጣሁሽ መስሎኝ ነው።»

ነኢማ ጎንበስ ብላ ከመሬት ማጭዱን አነሳችና ሰጠችው። ሲቀበላት ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ቶሎ አልለቀቁትም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ በልጅነቷ እንደምትተኛው ያለ እንቅልፍ ተኛች።

ቅዳሜ መምህር በላይ ለግምገማው መርሳ መጥተው ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። ኡበይደላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ነኢማ የራሷን ግምገማ ቀድማ ስለጨረሰች በሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ትምህርቱ ሊጀመር ሲል አንድ ሰው «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ። አባቷ ነበሩ። ነኢማ ደነገጠች። ሐጂ ማንንም ሳያስነሱ ጠባቧ የተማሪ ዴስክ ላይ ከአንድ የባጃጅ ሾፌር ጎን ተጨናንቀው ተቀመጡ። ኡበይደላ አያቸው፤ ጠመኔውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከዚያ ጀመረ።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ቤተሰብ መናገር ነበር። ተማሪዎቹ እየተነሱ ስለ ወንድም፣ ስለ እህት፣ ስለ ልጅ ተናገሩ። ሲቲ ተራቸው ደረሰ። ተነሱና ዝም አሉ። ባላቸው ከኋላ መኖራቸውን ያውቃሉ። ሻሻቸው በቦታው ነበር፤ እጃቸው ብቻ የዴስኩን ጠርዝ ጨብጧል። ኡበይደላ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው።

«ማይ ሃዝባንድ ኢዝ አብዱሰመድ» አሉ ሲቲ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ሂ ኢዝ ኤ ጉድ ማን።»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ሐጂ ስማቸውን ብቻ ነው የለዩት። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብለው ምን አለች ብለው ጠየቁት። ሾፌሩ ጆሯቸው ላይ ነገራቸው። ሐጂ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። ነኢማ አባቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

ሲያበቃ መምህር በላይ የኡበይደላን እጅ ጨብጠው፣ የመከሩትን ሁሉ ማድረጉን ነገሩትና ወጡ። ሐጂ ሰው እስኪቀል ቆይተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። ኡበይደላ ጠመኔ የነካውን እጁን ከኋላው ደበቀ።

«የሐራ ሰዎች በጠዋት ቢመጡ ይሻላል» አሉት ሐጂ ሰሌዳውን እያዩ። «ከሰዓት በኋላ አትክልት ቦታ ነው የምገኘው። ለዓሪፍ አባት የምለውን እኔ አውቃለሁ፤ የኔ ሥራ ነው።»

ኡበይደላ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ደም ወደ ፊቱ ወጣ። «ነገ ጠዋት ቢሆን… ያስቸግርዎታል?» አለ።

ሐጂ ሳቃቸው መጣ። «ነገ ይሁን፤ ቤት ነው የምውለው» ብለው ሲቲን ለመጥራት ወጡ።

ባዶው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ተያዩ። ኡበይደላ አሁንም እጁን እንደደበቀ ነው። ነኢማ ወደ እሱ ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ከውጭ እናቷ ከተማሪዎቹ ጋር ሲሳሳቁ ይሰማል። አጠገቧ ያለው ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷንም በሁለት እጇ ሸፍና፣ እንዳይሰማባት እየሞከረች፣ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።